ሳይቃጠል በቅጠል፦ የነፋስ ተርባይን ሕመም ቀድሞ ሲታወቅ

በወፍጮ ቤት ለዓመታት የሠራ ሰው የሞተሩን ጤንነት ለማወቅ መፍቻ አያነሳም። ጆሮውን ይሰጣል። በወትሮው ድምፅ ላይ ቀጭን ጩኸት ሲታከልበት ኩሽኔታው ግራሶ እንደጎደለው ወይም መበላት እንደጀመረ ይገምታል። እጁን በሞተሩ ጀርባ ላይ አሳርፎ ሙቀቱ ከልክ ማለፍ አለማለፉን ይመዝናል። የመቃጠል ሽታ ሲሸተው ማብሪያውን ያጠፋል። እንዲህ ያደረገ ባለ ወፍጮ በአንድ ኩሽኔታ ዋጋ ይገላገላል። ያላደረገው ግን ጥቅሉ የተቃጠለበትን ሞተር በጋሪ አስጭኖ ወደ ከተማ ይወስዳል፤ እህሉን በአህያ ጭኖ የመጣው ገበሬም ሳያስፈጭ ይመለሳል።

ይኸው ጥበብ ዛሬ ከ60 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው የነፋስ ኃይል ማማዎች ጫፍም ይፈለጋል። እዚያ ግን ቀን ከሌሊት ቆሞ የሚያዳምጥ ጆሮ፣ ሙቀቱን የሚዳስስ እጅ የለም። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመራማሪዎች ላለፉት አሥርተ ዓመታት ከደከሙባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው፦ ለማሽኑ ሰው ሠራሽ ጆሮና እጅ መስጠት፣ የሰማውንና የዳሰሰውንም ያለ ሽቦ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ማድረስ።

ጉዳዩ ከሩቅ ሲታይ የቤተ ሙከራ ወሬ ይመስላል። ኢትዮጵያ ግን በነፋስ ኃይል ማመንጨት ከጀመረች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ተርባይን ደግሞ በአብዛኛው ለ20 ዓመት ያህል አገልግሎት ታስቦ የሚሠራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ማማዎች የዕድሜያቸውን አጋማሽ አልፈዋል ማለት ነው። ከእንግዲህ ያለው ጥያቄ ስንት ማማ ተተከለ የሚል ብቻ አይደለም፤ የተተከለው በዓመት ስንት ቀን ሠራ የሚልም ነው።

የበጋው ነፋስ ለምን ይፈለጋል?

የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከውኃ ነው፤ ውኃው ደግሞ ከክረምት ዝናብ። ዝናቡ ሲያንስ ችግሩ በቅድሚያ የሚታየው በግድቦች የውኃ ከፍታ፣ ቀጥሎም በየቤቱ አምፖል ላይ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ የ476 ሜጋ ዋት ጉድለት አጋጥሞ መብራት በፈረቃ እንዲታደል መደረጉ ይታወሳል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ተራ ይጠብቃል፤ የመስኖ ፓምፕ በኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅሰው አርሶ አደር የውኃ ማጠጫ ሰዓቱ ያልፍበታል፤ የከተማው ብየዳ ቤትና ዳቦ ቤትም ሥራቸውን በሌሊት ለመሥራት ይገደዳሉ።

ነፋስ የሚፈለገው ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ነፋሱ በይበልጥ የሚበረታው ሰማዩ በጠራበት፣ የወንዞች ውኃ በቀነሰበት በበጋው ወራት ነው። ክረምት ለግድቡ፣ በጋ ለማማው የተመቸ ስለሆነ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ነፋሱ ያመነጨው እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓትም በግድቡ ውስጥ ለነገ የሚቆይ ውኃ ነው።

በዚህ ስሌት መሠረት ተከታታይ ግንባታዎች ተካሂደዋል። ቀዳማዊ አዳማ 34 ተርባይኖች ኖረውት 51 ሜጋ ዋት ለማመንጨት፣ በግንቦት 2007 ዓ.ም የተመረቀው ዳግማዊ አዳማ ደግሞ በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ተተክለዋል። በመቐለ አቅራቢያ የሚገኘው የአሸጎዳ ጣቢያ በጥቅምት 2006 ዓ.ም ሲመረቅ 84 ተርባይኖችና 120 ሜጋ ዋት አቅም ነበረው፤ በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ሥራው ተስተጓጉሎ እንደነበር ይታወቃል። በሶማሌ ክልል አይሻ እና በአርሲ አሰላ አካባቢም ተጨማሪ ጣቢያዎች ተገንብተዋል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ሲኖረው ነፋሱ ከጎኑ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ሕዳሴም ውኃ ነው። እህሉን ሁሉ በአንድ ጎተራ የሚያከማች ገበሬ ነቀዝ የገባ ዕለት ምን እንደሚደርስበት ያውቃል፤ የኃይል ምንጭንም በአንድ ብቻ መወሰን ከዚህ የተለየ አይደለም። አገር አቀፉ የኤሌክትሪክ መስመር አንድ በመሆኑም ከአዳማ ኮረብታ የመነጨው ኃይል የሚጠቅመው አዳማን ብቻ አይደለም፤ በማማው ጫፍ የሚፈጠር ብልሽትም የሚጎዳው የጣቢያውን አካባቢ ብቻ አይደለም።

ሕመሙ ከየት ይጀምራል?

የነፋስ ተርባይን ሥራ በአጭሩ ሲገለጽ ይህን ይመስላል። ነፋሱ ክንፎቹን ይገፋል፤ ክንፎቹ በደቂቃ ከአሥር እስከ ሃያ ጊዜ ያህል ይሽከረከራሉ። ጄኔሬተሩ ግን በአብዛኛው ከዚህ እጅግ የፈጠነ ዙር ይፈልጋል። ስለዚህ በብዙ ተርባይኖች ውስጥ በክንፉና በጄኔሬተሩ መካከል የማርሽ ሳጥን ይገባል፤ ዘገምተኛውን ዙር ወደ መቶ እጥፍ ያህል ያፈጥነዋል። በአሸጎዳ የቆሙት ተርባይኖች ማርሽ ያላቸው ናቸው። የቀዳማዊ አዳማዎቹ ግን የማርሽ ሳጥን የላቸውም፤ ሰፊ ጄኔሬተራቸው በቋሚ ማግኔት የሚሠራና ከክንፉ ጋር እኩል የሚዞር ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ማርሹ ያሳስበዋል፤ ሁለተኛው ከማርሽ ችግር ቢድንም ጄኔሬተሩ በአሥር ቶኖች የሚቆጠር ክብደት ስላለው ችግር ሲገጥመው ማውረዱ ከባድ ነው።

በጄኔሬተር ላይ ከሚደርሱ ብልሽቶች ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የኩሽኔታ መበላት ነው። ቀጥሎ የመዳብ ሽቦውን ጥቅል የሚሸፍነው መከለያ በሙቀትና በዕርጅና ተሰነጣጥቆ በጥቅሎቹ መካከል ንክኪ መፈጠሩ ይጠቀሳል። ካርቦን ባላቸው ጄኔሬተሮች ደግሞ የካርቦኑ ማለቅና የብናኙ መከማቸት አለ። ከጄኔሬተሩ ውጭ የኃይል መቀየሪያ ኤሌክትሮኒክስ፣ የክንፍ አንግል ማስተካከያና በመብረቅ የሚመታው ክንፍ ይገኛሉ።

ሁሉም ብልሽት ግን እኩል ጉዳት አያደርስም። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2006 በጀርመን ከ1,500 በላይ ተርባይኖችን ተከታትሎ የተመዘገበው መረጃ ሲተነተን አንድ የማይረሳ ውጤት አሳይቷል። ከብልሽቶቹ 75 በመቶ ያህሉ ተርባይኑን ካቆሙት ጊዜ 5 በመቶውን ብቻ ይይዛሉ፤ ቀሪዎቹ 25 በመቶ ብልሽቶች ግን 95 በመቶውን የመቆም ጊዜ ያስከትላሉ። ፊውዝ፣ ሽቦና ትናንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ቶሎ ቶሎ ይበላሻሉ፤ ቶሎም ይጠገናሉ። ማርሽና ጄኔሬተር አልፎ አልፎ ነው የሚበላሹት፤ ሲበላሹ ግን ተርባይኑን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ያቆሙታል።

ይህ በኢትዮጵያ ሁኔታ ሲታሰብ ይከብዳል። ከባድ ክሬን ኮረብታ ላይ መውጣት አለበት። መለዋወጫው ከውጭ ታዝዞ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው። በአውሮፓ የሁለት ሳምንት ሥራ የሆነው እዚህ አንድ የበጋ ወቅት ሊፈጅ ይችላል።

ጉዳቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 1.5 ሜጋ ዋት አቅም ያለው አንድ ተርባይን በአማካይ የአቅሙን ሲሶ ያህል ቢያመነጭ በ30 ቀናት 360,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። የ15 ኪሎ ዋት ሞተር ያለው ወፍጮ በቀን 8 ሰዓት በሙሉ ጉልበት ቢሠራ በ30 ቀናት የሚፈጀው 3,600 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ስለሆነም የአንድ ተርባይን የአንድ ወር መቆም የ100 ወፍጮዎችን የአንድ ወር ጉልበት ያስቀራል። ተርባይኖቹ እየተለቁ ሲሄዱ ደግሞ ኪሳራው ይጨምራል። ዳግማዊ አዳማ 153 ሜጋ ዋቱን ለ102 ማማዎች ሲያካፍል፣ 100 ሜጋ ዋት የሆነው የአሰላው ጣቢያ ያለው 29 ተርባይን ብቻ ነው። በእንዲህ ያለው ጣቢያ አንዱ ሲቆም ክፍተቱ ሰፊ ይሆናል።

ማሽን ሕመሙን እንዴት ይናገራል?

ደግነቱ ትልልቆቹ ብልሽቶች በአንድ ሌሊት አይደርሱም። በአብዛኛው ከሳምንታትና ከወራት በፊት ምልክት ይሰጣሉ። የምርምሩ ድካም ያንን ምልክት ከነፋሱና ከማሽኑ ሁካታ መካከል ነጥሎ ማውጣት ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ንዝረት ነው። በኩሽኔታው መሮጫ ላይ የስንዴ ቅንጣት የማያህል ጉድጓድ ቢፈጠር ኳሶቹ ባለፉ ቁጥር አንድ ጊዜ «ቋ» ይላል። የኳሶቹ ብዛት፣ የኩሽኔታው ስፋትና የዙሩ ፍጥነት ስለሚታወቅ ያ ምት በሰከንድ ስንት ጊዜ መሰማት እንዳለበት አስቀድሞ ይሰላል። የውስጠኛው ቀለበት ጉዳት አንድ ቁጥር አለው፤ የውጨኛው ሌላ፤ የኳሱ ደግሞ ሌላ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዦዜፍ ፉሪየ እ.ኤ.አ. በ1822 ስለ ሙቀት ባሳተመው ሥራ የገለጠው ስልት የተደበላለቀን ሞገድ ወደየድግግሞሹ ለመበተን ያስችላል። ገበሬ ስንዴውን ከእንክርዳዱ በወንፊት እንደሚለይ ሁሉ ኮምፒውተሩም በዚህ ስልት የጤናማውን ዙር ድምፅ ከጉዳቱ ምት ይለያል።

ሁለተኛው መንገድ ጄኔሬተሩ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ራሱ ነው። በጥቅሉ ውስጥ ንክኪ ሲፈጠር ሦስቱ ፌዞች መመጣጠን ያቆማሉ፤ የሚሽከረከረው ክፍል ሲጎዳም በከረንቱ ላይ ከወትሮው የተለየ ጥቃቅን ሞገድ ይታያል። የዚህ ስልት ጥቅሙ ከረንትን የሚለካ መሣሪያ በማንኛውም ጣቢያ ቀድሞ መኖሩ ነው፤ አዲስ ዕቃ መግዛት ሳያስፈልግ ያለውን መረጃ በጥንቃቄ ማንበብ ይበቃል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። የተርባይን መቆጣጠሪያ ሥርዓት የኩሽኔታውን፣ የጥቅሉንና የዘይቱን ሙቀት በየ10 ደቂቃው አማካይ አድርጎ የመመዝገብ ልማድ አለው። የሙቀቱ ቁጥር ለብቻው ብዙ አይናገርም፤ ነፋሱ ሲበረታ ማንኛውም ጄኔሬተር ይሞቃል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ኮምፒውተሩን በጤናማ ዘመን በተሰበሰበ መረጃ ያስተምሩታል፤ በዚህ ነፋስ፣ በዚህ ጭነት፣ በዚህ የአየር ሙቀት ኩሽኔታው ይህን ያህል ይሞቃል ብሎ እንዲገምት ያደርጉታል። ከዚያም የተገመተውና የተለካው ሲራራቁ ያስጠነቅቃል። አራተኛው መንገድ በማርሽ ዘይት ውስጥ የሚንሳፈፉ የብረት ብናኞችን መቁጠር ነው።

ሽቦ አልባ የሆኑት ሴንሰሮች የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። በሚሽከረከር ክንፍ ላይ ሽቦ መዘርጋት ያስቸግራል። ቀድሞ በተተከለ ማማ ላይ አዲስ ገመድ መጎተትም ወጪው ከሴንሰሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የክብሪት ሣጥን የሚያህል፣ በባትሪ የሚሠራና በሬዲዮ ሞገድ የሚናገር ሴንሰር ግን በቀላሉ ይለጠፋል። ችግሩ ባትሪው ነው። ማማ ላይ በየወሩ እየወጡ ባትሪ መቀየር አያዋጣም። መረጃን በሬዲዮ መላክ መረጃውን ከማስላት ይልቅ ብዙ ኃይል ስለሚበላ ሴንሰሩ እዚያው አስልቶ የድምዳሜውን አጭር መልእክት ብቻ እንዲልክ የሚያደርጉ ንድፎች ይሠራሉ፤ ከንዝረቱ ወይም ከሙቀት ልዩነት ራሱ ኃይል እንዲያመነጭ የሚያስችሉም አሉ።

ከማማው ጫፍ እስከ ሰው ገላ

ይህ ሁሉ ከሰው ሕክምና ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የልብን ኤሌክትሪክ በሬዲዮ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሲሠራ በጀርባ የሚታዘለው ዕቃ 38 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ዛሬ ያው ሥራ በደረት ላይ በሚለጠፍ ትንሽ ልጣፍ ይከናወናል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሰው ገላ ላይና ዙሪያ ለሚውሉ ሽቦ አልባ ሴንሰሮች ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቷል። የልብ ምትን፣ የደም ኦክስጅንን፣ የሰውነት ሙቀትንና እንቅስቃሴን የሚከታተሉ መሣሪያዎች በየገበያው ይገኛሉ።

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የገላ ሴንሰርና የጄኔሬተር ብልሽት ጥናት በአንድ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ክፍል ጣሪያ ሥር የሚካሄዱት በአጋጣሚ አይደለም። ልብም ኩሽኔታም በምት ይናገራሉ። ሁለቱም ዘንድ ባትሪው ትንሽ፣ ሁካታው ብዙ ነው። የሰው ገላ በአብዛኛው ውኃ ስለሆነ የሬዲዮ ሞገድን ይውጣል፤ የማማው አናት ደግሞ ብረት ስለሆነ ሞገዱን ያንጸባርቃል። ሁለቱም ዘንድ ያለ ምክንያት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል። በየሌሊቱ በከንቱ የሚጮህ ውሻ ሌባ የመጣ ዕለት ማንንም ከእንቅልፉ አያስነሳም።

ከሁሉ የሚበልጠው ተመሳሳይነት ግን «ጤነኛ» የሚባለው ልክ ከየት ተወሰደ የሚለው ነው። በጣት ላይ የሚሰካውና የደም ኦክስጅንን በብርሃን የሚለካው መሣሪያ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በአሜሪካ የታተመ ጥናት ይህ መሣሪያ ሳያሳውቅ የሚያልፈው የኦክስጅን እጥረት በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን አሳይቷል። መሣሪያው አልተበላሸም። የቆዳ ቀለም በብርሃኑ ላይ የሚያመጣው ለውጥ በልኩ ውስጥ በበቂ አልተካተተም ነበር። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ እንደማይገጥም ሁሉ በሌላ ሕዝብ ልክ የተቃኘ ሴንሰርም ሊያሳስት ይችላል።

የራስን ልክ ማወቅ

ለነፋስ ተርባይንም ነገሩ ይኸው ነው። የአዳማ ጣቢያዎች ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ፣ አሸጎዳ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሳሳል። ስስ አየር ክንፉን የሚገፋው በአነስተኛ ጉልበት ነው፤ የኤሌክትሪክ ማሽንንም በደንብ አያቀዘቅዝም። በዓለም አቀፍ ደረጃ የኤሌክትሪክ ማሽኖች አቅም በመደበኛነት የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ሲሆን ከዚያ በላይ ማስተካከያ ይፈልጋል። በበጋ የሚነሣው አቧራ የማቀዝቀዣውን ማጣሪያ ይደፍናል። በክረምት መግቢያ መብረቁ ይበዛል። የቀኑና የሌሊቱ ሙቀት ልዩነትም ሰፊ ነው።

ስለዚህ በሰሜን አውሮፓ የባሕር ዳርቻ በተሰበሰበ መረጃ የተማረ ኮምፒውተር የአዳማን ጄኔሬተር ሲያይ ጤነኛውን ታማሚ፣ ታማሚውን ጤነኛ ሊለው ይችላል። የምርምሩ ዓለም ራሱ ይህን ድክመት ያውቀዋል። በኩሽኔታ ብልሽት ላይ ከታተሙ ጥናቶች እጅግ ብዙዎቹ የተፈተኑት በአሜሪካው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ በተሰበሰበ መረጃ ነው። ያ መረጃ ሆን ተብሎ ጉድጓድ በተበጀላቸው ኩሽኔታዎችና በ2 የፈረስ ጉልበት ሞተር የተገኘ ነው። በእንዲህ ያለው የቤተ ሙከራ መረጃ ወደ መቶ በመቶ የሚጠጋ ትክክለኛነት ማስመዝገብ ይቻላል። ነፋሱ በየደቂቃው በሚለዋወጥበት ኮረብታ ላይ ግን ያ ውጤት እንዳለ አይገኝም።

ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ግልጽ ነው። ሴንሰር ከገበያ ይገዛል፤ ልክ ግን አይገዛም። የኢትዮጵያ ተርባይኖች የጤንነት ልክ ሊገኝ የሚችለው በኢትዮጵያ ኮረብቶች ላይ ለዓመታት ከተመዘገበ የንዝረት፣ የከረንትና የሙቀት መዝገብ ብቻ ነው። መዝገቡ አለ ማለት ይቻላል፤ የመቆጣጠሪያ ሥርዓቶቹ ከተመረቁበት ዕለት ጀምሮ ሲጽፉ የኖሩት ነውና። ዋናው ቁም ነገር መዝገቡን ማን ይጠብቀዋል፣ ማንስ ያነበዋል የሚለው ነው። የግዥና የጥገና ውል ሲፈረም የተርባይኑ መረጃ የማን እንደሆነ፣ የአገር ውስጥ ባለሙያ ሊያየው መቻል አለመቻሉ በግልጽ ካልተጻፈ ባለቤቱ የገዛ ንብረቱን ሕመም ከሻጩ ለመጠየቅ ይገደዳል።

መስማት ብቻውን አይፈውስም

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቅርብ ርቀት የሚሽከረከሩ ክንፎችን እያየ ይማራል። የመቐለ ዩኒቨርሲቲም የአሸጎዳ ጎረቤት ነው። ባሕር ዳርና አዲስ አበባም የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ትምህርት ክፍሎች አሏቸው። የመመረቂያ ጽሑፉን ከውጭ በተገኘ መረጃ ላይ የሚሠራ ተማሪ በራሱ አገር ጣቢያ መዝገብ ላይ ቢሠራ የሚያገኘው ውጤት ለመደርደሪያ ሳይሆን ለሥራ ይውላል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ደግሞ ማማ ላይ ወጥቶ ግራሶ የሚሞላ፣ ሴንሰር የሚለጥፍና የንዝረት ንባብ የሚያውቅ ባለሙያ ሊያፈሩ ይችላሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በገጠር ያደጉ ወጣቶች ሩቅ አይደሉም፤ ማማዎቹ የቆሙት በሚታረሰውና ከብት በሚሰማራበት መሬት መካከል ነውና። መሬቱን ለማማው የለቀቀ አርሶ አደር ልጁ የማማው ጠጋኝ ሆኖ ቢያይ ልማቱ የእርሱም መሆኑን ያምናል።

ይሁንና ማስጠንቀቂያ ብቻውን ምንም አይጠግንም። ሴንሰሩ በጥቅምት ኩሽኔታው መበላት ጀምሯል ቢል፣ የመለዋወጫው ትዕዛዝ ግን ውሳኔ አጥቶ እስከ የካቲት ቢቆይ ዘመናዊው መሣሪያ የሞቱን ቀን ከመናገር ያለፈ ጥቅም አይኖረውም። ቀድሞ ማወቅ ዋጋ የሚኖረው ቀድሞ የተዘጋጀ ዕቃ፣ ሥልጣን ያለው ወሳኝና የሠለጠነ እጅ ሲከተሉት ነው። የጥገና በጀት ብልሽት ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ከመድረሱ በፊት ሲያዝ፣ ከባዱ የክሬን ሥራም ነፋሱ በሚቀንስበት የክረምት ወራት ሲታቀድ የበጋው ምርት ይተርፋል።

በጤናውም ዘንድ ያው ነው። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የገጠሩን ሕዝብ ቤት ለቤት ያውቁታል። በነፍሰ ጡር እናት ክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት ሴንሰር ለሠራተኛዋ ስልክ መልእክት ቢልክ መልካም ነው። ነገር ግን አምቡላንሱ ነዳጅ ከሌለው፣ መንገዱም በክረምት ከተቆረጠ መልእክቱ እናቲቱን አያድናትም። የገላው ሴንሰር መጨረሻው የሰው እጅ ነው፤ የተርባይኑም እንዲሁ።

በዚህ መሃል የከተማ ነዋሪውና አርሶ አደሩ ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ አለ። አዲስ ጣቢያ ሲመረቅ የሚነገረው የሜጋ ዋት ቁጥር አቅምን ብቻ ያሳያል። ሕዝቡ ማወቅ ያለበት ሌላም ቁጥር አለ፦ ባለፈው ዓመት ስንት ተርባይኖች ለስንት ቀን ቆሙ፣ በምን ምክንያትስ ቆሙ? ላም ያለው ሰው የሚመዝናት በቀንዷ ርዝመት ሳይሆን በምትሰጠው ወተት ነው። ጣቢያም በማማዎቹ ቁጥር ሳይሆን በሠራባቸው ቀናት ሊመዘን ይገባል።

ትምህርቱ ማማ ለሌለውም ይሠራል። የወፍጮና የመስኖ ፓምፕ ባለቤቶች ውድ ሴንሰር ባይኖራቸውም ስልቱ ግን በእጃቸው ነው። ሞተሩ አዲስ በሆነበት ወቅት በሙሉ ጭነት የሚስበውን ከረንት በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስለክቶ በደብተር መጻፍ፣ በየወሩ ማወዳደር፣ ኩሽኔታው በአምራቹ መመሪያ መሠረት ግራሶ የተሞላበትን ቀን መመዝገብ፣ ቺንጋው ከልክ በላይ አለመወጠሩንና የሞተሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች በዱቄት ወይም በአቧራ አለመደፈናቸውን ማየት ይቻላል። ከወትሮው የተለየ ድምፅ ወይም ሙቀት ሲታይ ደግሞ ሥራው እስኪያልቅ አለመጠበቅ፣ ማጥፋትና ባለሙያ መጥራት ይገባል። ኮምፒውተሩ በማማው ጫፍ የሚያደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የጤናውን ቀን ልክ መዝግቦ ዛሬን ከትናንት ጋር ያስተያያል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለጎጆ ጣሪያ እሳት ብቻ አይደለም። ቅጠሉ ዛሬ ትንሽ ሴንሰር፣ አንድ ደብተር ወይም በወቅቱ የተፈረመ የመለዋወጫ ትዕዛዝ ሊሆን ይችላል። የበጋው ነፋስ በየዓመቱ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ሲመጣ ማማዎቹን ቆመው እንዲያገኛቸው ወይም ሲሽከረከሩ እንዲያገኛቸው የሚወስነው በክረምቱ ወራት በተደረገው ጥገና ነው።